ድስቱ፣ ስልኩና ራውተሩ፦ የማገናኘት ልምዴ

እህቴ ከዱባይ የላከችልን ባለ ዋይፋይ የኤሌክትሪክ ድስት አሁን ከቤታችን ኢንተርኔትና ከስልኬ ጋር በደንብ ተግባብቷል። ስድስት ሊትር ይይዛል፤ በእንፋሎት ግፊት ያበስላል፣ ይጠብሳል፣ እርጎ ያረጋል፣ የበሰለውንም አሙቆ ያቆያል። እንዲህ ያለ ዕቃ በየቤቱ እየገባ ነው፤ ብዙ ሰው ግን መተግበሪያውን አንድ ቀን ሞክሮ አልሠራ ሲለው ድስቱን በቁልፎቹ ብቻ እየተጠቀመበት ይቀራል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም «አልገናኝም አለ» የሚባለው ድስት ብዙውን ጊዜ ምንም ችግር የለበትም። እንቅፋቱ ያለው በስልኩ፣ በራውተሩ (ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ በሚያሰራጨው ሳጥን) ወይም በምዝገባው ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመነካካት አንዱን ለይቶ መጨረስ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል። እኔም በዚህ መንገድ ነው የሄድሁት።

ከዋይፋዩ በፊት ኤሌክትሪኩ ይቅደም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ድስት በአብዛኛው ለ220 እስከ 240 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ከእኛ መብራት ጋር ይስማማል፤ የሚለየው ስፒናው ነው፣ ሦስቱ እግሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እሱን በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት ድስቱን ማቃጠል ነው፤ በትራንስፎርመር ልጠቀም ቢባል እንኳ ከ1000 ዋት በላይ የሚችል፣ ከባድና ውድ ዕቃ ያስፈልጋል። ዘመድ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። የእኔ 1000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከአራት ተኩል አምፔር በላይ ማለት ነው። ስለዚህ በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከምጣድ ጋር አብሮ አይሰካም፤ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻውን ነው የተሰካው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መተግበሪያውን ጫንሁ፣ ስልክ ቁጥሬን አስመዘገብሁ፣ ድስቱንም ፈልጎ አገኘው። ወዲያው ግን መሣሪያው በሌላ ሰው ስም ተይዟል የሚል መልእክት መጣ። ነገሩ ቀላል ነበር። እህቴ ከመላኳ በፊት ይሠራ እንደሆነ ለማየት እዚያው በራሷ ስልክ አገናኝታው ነበር። እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ጊዜ የሚያውቁት አንድ ባለቤት ብቻ ነው፤ ድስቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ ሁልጊዜ አይበቃም፣ ምዝገባው ያለው ሩቅ አገር በተቀመጠ ሰርቨር (መተግበሪያውን በሚያገለግል ኮምፒውተር) ላይ ነውና። ደወልሁላት፤ ከራሷ መተግበሪያ ላይ «መሣሪያውን አስወግድ» የሚለውን ስትጫን እዚህ በር ተከፈተ። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፤ ሻጩ እፊታችሁ ቆሞ ከስልኩ ላይ ሳያስወግደው ገንዘብ አትክፈሉ።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። አብዛኞቹ የዛሬ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ያሰራጫሉ፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። አምስቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ሁለት ነጥብ አራቱ ዘገምተኛ ቢሆንም ርቆ ይሄዳል። ድስት፣ አምፖልና መሰል ዕቃዎች ውስጥ የሚገባው ርካሽ የዋይፋይ ቺፕ በአብዛኛው የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ ስም ሲያሰራጭ ስልካችን ፈጣኑን ይመርጣል፤ ድስቱ ደግሞ እዚያ ሞገድ ላይ ጆሮ የለውም።

ለምን ስልኩ የያዘው ሞገድ ድስቱን ያግደዋል? በማገናኛው ሰዓት ድስቱ ገና የይለፍ ቃል ስለሌለው ቤታችን ውስጥ የሚተላለፈውን ነገር ፈትቶ ማንበብ አይችልም። መተግበሪያው ይህን በብልሃት ያልፈዋል፦ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል በሚልካቸው የመረጃ ጥቅሎች ርዝመት ውስጥ ይደብቀዋል። ድስቱ ይዘቱን ባይረዳም ርዝመቱን ይለካል። በግድግዳ ማዶ ያለ ጎረቤት ወሬውን ሳይሰማ የማንኳኳቱን ቁጥር እንደሚቆጥር ማለት ነው። እንግዲህ ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ እያንኳኳ ድስቱ በ2.4 ቢያዳምጥ ምን ይሰማል? መተግበሪያው ላይ ያለው ክብ መቶኛ እየቆጠረ ይሄድና «አልተሳካም» ብሎ ይቆማል።

መፍትሔው ወደ ራውተሩ የቅንብር ገጽ ገብቶ ሁለቱን ሞገዶች በተለያየ ስም ማውጣት ነው። የገጹ አድራሻና የመግቢያ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ጀርባ ተለጥፏል። ስልኩን በ2.4 ላይ አድርጌ ሞከርሁ። ድስቱ ላይ ያለችው ትንሽ የዋይፋይ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለቷን ቀጠለች፤ አሁንም አልያዘም።

የቀረው ጉዳይ የስሙ ነበር። የቤታችን ዋይፋይ ስም በአማርኛ ፊደል «የእማዬ ቤት» ተብሎ ነው የተጻፈው። ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያለ ችግር ያነቡታል። የዋይፋይ ስም ግን ከ32 ባይት (ባይት የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ ነው) መብለጥ አይችልም፤ አንድ የእኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ በአማርኛ ሲጻፍ ከ10 ፊደል አያልፍም። የእኛ በዚህ ልክ ውስጥ ቢሆንም አንዳንድ ትንንሽ መሣሪያዎች ከላቲን ፊደል ሌላ ሲመጣባቸው ይደናገራሉ፣ የእኔም ድስት ከእነሱ አንዱ ነው። የ2.4ቱን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፍሁት፤ የ5ቱ በአማርኛው ጸንቷል፣ እሱን የሚነካ የለም። በእግረ መንገዴ የምሥጢር ጥበቃውንም አየሁ። አዲሱ የጥበቃ ዘዴ ደብልዩ ፒ ኤ 3 ብቻ ከተመረጠ አሮጌ ቺፕ አይገባም፤ ደብልዩ ፒ ኤ 2ን የሚፈቅደውን ምርጫ ይዣለሁ።

አሁን መብራቷ ዝግ ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ አለችና ማብለጭለጩን ትታ ሳታቋርጥ በራች። ሥራው ያለቀው ያን ጊዜ ነው።

ለማይሳካላችሁ ሁለተኛ መንገድም አለ። የማገናኛ ቁልፉን እንደገና ለረጅም ጊዜ ስትጫኑ የእኔ ድስት መብራቷን በዝግታ ማብለጭለጭ ይጀምርና የራሱን ጊዜያዊ ዋይፋይ ያወጣል። ስልኩን በዚያ ላይ ታገናኙና የቤቱን የይለፍ ቃል በቀጥታ ለድስቱ ትነግሩታላችሁ። እዚህ ላይ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ልቀይር?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲቆይ ንገሩት፤ የሞባይል ዳታውንም ለጊዜው አጥፉ፣ አለበለዚያ ስልኩ ሹልክ ብሎ ወደ ዳታው ይሄዳል። በአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያው የአካባቢ ፈቃድ ሲጠይቅ አትደንግጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ለዓመታት በአቅራቢያ ያለ ዋይፋይና ብሉቱዝ ለመፈለግ ያ ፈቃድ ግዴታ ሆኖ ኖሯል። አይፎን ላይ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ «በቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን ይፈልግ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ እሱን የከለከለ ሰው ድስቱን አያገኘውም።

ይህ ሁሉ የተሠራው ሳሎን ውስጥ፣ ራውተሩ አጠገብ ነው። ድስቱ ግን የሚኖረው ማድ ቤት ነው፤ የእኛ ማድ ቤት ደግሞ እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ ከኋላ፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ፣ ግማሽ ጎኑ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ለዋይፋይ እንደ ግንብ አይደለም፤ ግንቡን ሞገዱ ተዳክሞም ቢሆን ያልፈዋል፣ ቆርቆሮው ግን መልሶ ያነጥረዋል። ድስቱን ከቆርቆሮው ጎን አንሥቼ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት፤ ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት ላይ ሰቀልሁት። ተጨማሪ ዕቃ መግዛት አላስፈለገም።

ስለ መብራት መጥፋት የተማርሁት ከሁሉ ይበልጥ ጠቅሞኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ድስቱ ቶሎ ይነቃል፣ ራውተሩ ግን ተነሥቶ መስመር እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ድስቱ መጀመሪያ ቢያጣውም ደጋግሞ ይሞክርና ራሱ ይገባል፤ በዚያ መሀል ቁልፍ መነካካት አያስፈልግም። የጀመረው ምግብ ግን አይቀጥልም፣ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀራል። ለራውተሩ ባለ 12 ቮልት ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ገጠምሁለት። አሁን መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ እስካለ ድረስ ድስቱ ብቻ ስለሚጠፋ መተግበሪያው «ተቋርጧል» ብሎ ቢሮ ድረስ ይነግረኛል። እኔ ለእናቴ እደውላለሁ። በግማሽ የበሰለ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ መቆየት የለበትምና ይህ ማሳወቂያ ከሩቅ ሆኖ ከመጀመር እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው።

ከሩቅ መጀመርን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። የእንፋሎት ማስወጫው በእጅ የሚዘጋ ነው፤ መተግበሪያው መዘጋቱን አያይም። ክዳኑ ውስጥ ያለው ጎሚኒ በቦታው መቀመጡንም አያውቅም። ስለዚህ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ውኃውን፣ ጎሚኒውንና ማስወጫውን በዓይኔ ሳላይ ከቢሮ «ጀምር» አልልም። ለሰዓታት ቆይቶ እንዲጀምር የሚተወውም እንደ ቦሎቄና ሽምብራ ያለ መዘፍዘፍ የሚወድ እህል ብቻ ነው፤ ሥጋና ወተት አይተውም።

ሰዓቱ ላይ እንምጣ። በጾም እናቴ «ለዘጠኝ ሰዓት ይድረስልኝ፣ ልጄ» ትለኛለች። የእሷ ዘጠኝ ሰዓት በመተግበሪያው 15:00 ነው። ሒሳቡን ወደ ኋላ ነው የምሠራው፦ ቦሎቄው ለማብሰያ 40 ደቂቃ፣ ድስቱ ግፊት እስኪይዝ ወደ 20፣ እንፋሎቱ በራሱ እስኪወርድ ሌላ 20 ደቂቃ። ትንሽ ትርፍ ጨምሬ 13:30 ላይ እንዲጀምር አደርገዋለሁ፤ በእኛ ሰባት ተኩል ማለት ነው። መተግበሪያው የሚቆጥረው መጀመሪያውን እንጂ መድረሻውን ስላልሆነ እነዚህ ሁለት ሃያዎች አይረሱ። አገሩን ስትመርጡም ኢትዮጵያን ምረጡ። የእኛ ድስት ቤቱ ዱባይ ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር ሰዓቱ በአንድ ይቀድም ነበር፤ በዚያ ቢቀር ቦሎቄው ከተባለው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል።

አርባ ደቂቃው ከየት መጣ ለምትሉ፣ መተግበሪያው ላልተዘፈዘፈ ቦሎቄ የሚለው 30 ነው። የምግብ ዝርዝሮቹ የተጻፉት ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ድስቱ የሚፈጥረው ግፊት በውጭው አየር ግፊት ላይ የሚደመር በመሆኑ የውስጡም ሙቀት ከጠረፉ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። የተለመደው ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር 5 በመቶ ጊዜ መጨመር ነው፤ ለአዲስ አበባ 30 በመቶ ይመጣል። ሠላሳው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ፣ አርባ ብዬ ያዝሁት። እህሉ ፍርክስክስ እስኪል ይበስላል። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ የከተማችሁን ከፍታ ይዛችሁ አስሉ። ቀይ ቦሎቄን ግን «በዝግታ ማብሰያ» በሚለው ፕሮግራም አታብስሉት፤ ጥሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ነገር በዚያ ለስላሳ ሙቀት አይጠፋም፣ በግፊት ወይም በደንብ በሚንተከተክ ውኃ መብሰል አለበት።

ለወጥ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ቁሌቱ በእጅ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እየተማሰለ ይሠራል፤ መተግበሪያ እዚያ ቦታ የለውም። ሽሮ ደግሞ ወፍሮ ከታች ሲይዝ ድስቱ ከመጠን በላይ መጋሉን ያውቅና «እያረረ ነው» ብሎ ራሱን ያቆማል። ቅቅል፣ ንፍሮ፣ ሽምብራ፣ ድንችና ምስር ግን በዚህ ድስት ያምራሉ፣ ከሰልና ጊዜም ይቆጥባሉ።

አሁን የቀረኝ አንድ ሥራ አለ። ትእዛዙ ከስልኬ ተነሥቶ ውጭ አገር ያለውን ሰርቨር ዞሮ ስለሚመለስ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዋይፋዩ ቢኖርም መተግበሪያው ከድስቱ አጠገብ ቆሜ እንኳ አይታዘዝልኝም፤ የድስቱ ቁልፎች ብቻ ይሠራሉ። አንዳንድ መሣሪያዎች በቤት ውስጥ መስመር ብቻ እንዲታዘዙ ማድረግ ይቻላል፤ በሚቀጥለው የምሞክረው እሱን ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ ያቆመ ሰው ካለ፣ በተለይ መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ ራሱ እንዲነሣ ያደረገበትን መንገድ ይጻፍልኝ።