ለዜሮ ክፍል የምትልኩት ብር የት ይግባ?

ሪያድም ሁኑ ቤይሩት፣ ዱባይም ሁኑ ዋሽንግተን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ጭቅጭቅ አንድ ነው፤ አያቱ ጋር የቀረው ሕፃን የግል ኬጂ ይግባ ወይስ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የመንግሥት ዜሮ ክፍል? ከዚያ ፖለቲካው ይከተላል። አንዱ «የ12ኛ ክፍል ፈተናው መጥበቁ ልክ ነው» ሲል ሌላው «ታች ሳይሠራ ላይ ማጥበቅ ምን ይባላል?» ይላል።

ሁለተኛው ያለ ምክንያት አልተናገረም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። ሳይደግም እዚያ የደረሰ ልጅ 1ኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው። ያኔ የሚሠራው የ1986ቱ ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለውን ዕድሜ በአብዛኛው ለግልና ለሃይማኖት ተቋማት ትቶት ነበር፤ ብር የሌለው ቤተሰብ ልጅ ቢበዛ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት ቢቀመጥ ነው። የ2015ቱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎ ከ6-2-4 እርከን (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 መካከለኛ፣ 4 ሁለተኛ ደረጃ) በፊት አስቀምጦታል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። በጀቱ ግን ደመወዝ ላይ ያልቃል፤ ዜሮ ክፍል የሚደርሰው የተረፈ ክፍልና የተረፈ ዴስክ ነው። በ2014 መግቢያ የደሴ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ነበሩ፤ ከዚያ እስከ ኅዳር 27 ጦርነቱ ራሱ ከተሞቹ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚተርፈውም ቀንሷል።

ግል ይሻላል የሚባለውስ? በወርሃዊው ክፍያ ላይ ምዝገባ፣ ደንብ ልብስ፣ መጽሐፍና የባጃጅ ይታከላል፤ የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ «ኤ ፎር አፕል» ነው። ልጁ ቃሉን ይዘምረዋል፣ አያቱ ትደሰታለች፣ ቪዲዮው ይላካል። በዚህ አትታለሉ። መንግሥት ቤትም ያው ነው፤ መምህርቷ በአርጩሜ እያመለከተች «ሀ ሁ ሂ» ሲባል ክፍሉ ይናጋል፣ ልጁ ግን የሚከተለው ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነው።

ስለዚህ በኢሞ ስትደውሉ ራሳችሁ ፈትኑት። አያቱ ወይም አክስቱ ከካርቶን ቁራጭ ላይ አምስት ፊደል ጽፋ፣ ቅደም ተከተሉን አዛብታ፣ አንድ በአንድ ታሳየው። «ሙ»ን ሲያይ «መ ሙ» ብሎ ከመጀመሪያው የሚነሳ ከሆነ ተራውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም። ቀጥሎ ቆርኪ ክምር ፊቱ ይፍሰስና «ሰባት ስጠኝ» በሉት። እስከ ሃምሳ የሚቆጥር ልጅ ሰባት ቆርኪ መለየት ሲያቅተው ታያላችሁ። ይህ ካቃተው ኬጂው ውድ ሆነ ርካሽ ለውጥ የለውም፤ መምህርቷን ማናገር ነው እንጂ ትምህርት ቤት መቀየር ብቻውን አይፈታውም።

ለትምህርት ቤቱ መላክ የምትፈልጉ ደግሞ፣ እባካችሁ የአጥር ቀለም ይቅር። ስም የሚጻፍበት በር ይማርካል፣ እናውቃለን። አንዲት መምህርት 60 ልጅ ይዛ አንዱ ሽንት ቤት ሲል 59ኙ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። የሚያስፈልገው ረዳት መምህርት ናት። በአሜሪካ ሚሺጋን ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው፣ የመዋዕለ ሕፃናት ጥቅም ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የፔሪ ሙከራ ለ5 ወይም 6 ልጅ አንድ አስተማሪ ነበረው። እዚያው አሜሪካ፣ በቴኔሲ የተስፋፋው የመንግሥት ፕሮግራም ግን ሲጠና፣ ገብተው የተማሩት 6ኛ ክፍል ላይ ካልገቡት ያነሰ ውጤት አመጡ። ክፍል መክፈት ብቻ አልበቃም ማለት ነው።

የረዳቷን ደመወዝ ከመስከረም እስከ ሰኔ የ10 ወሩን ሳትሞሉ አትቅጠሩ። ሦስት ወር ከፍሎ የሚበተን ዕቁብ ብጤ መዋጮ ከምንም የባሰ ነው፤ ልጆቹ ለምደዋት ታኅሣሥ ላይ ትጠፋለች። ብሩ በርዕሰ መምህሩ የግል ሒሳብ አይግባ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሒሳብ፣ ከአንድ በላይ ፈራሚ ባለበት ይሁን፣ ደረሰኙም በፎቶ ይላክ። ዕቃ ከሆነ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይደረግ፤ ያልተመዘገበ ምንጣፍ ርዕሰ መምህሩ ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። ኮንቴይነር ሙሉ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መላክ ይቅርባችሁ፤ ለማጓጓዝና ለማስወጣት የሚወጣው ብር ዴስክ ላይ ቢውል ይሻላል።

ዴስኩን አዲስ ማሠራትም ላያስፈልግ ይችላል። ለትልቅ ልጅ የተሠራው መቀመጫ 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ እግሩ ተንጠልጥሎ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መቁነጥነጥ ይጀምራል፣ ከዚያ «ረባሽ» ይባላል። አናጺ ተጠርቶ መቀመጫው 30፣ ጠረጴዛው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲሆን የዴስኩን እግር ይቁረጥ። ቁርጥራጭ ጣውላ ከተገኘ ደግሞ አሸዋ የሚሞላበት ጥልቀት የሌለው ሳጥን ይሆናል፤ ልጁ እርሳስ ከመያዙ በፊት በጣቱ የሚጽፍበት ነው።

ደሴ ከሆነ ቅድሚያው ምንጣፍ ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር ጧት ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ልጅ ስለ ፊደል አያስብም። ኮምቦልቻ ላይ ምንጣፉ ቢቆይ ግድ የለም፣ ኮርኒስ ይቅደም፤ ቆርቆሮው እኩለ ቀን ሳይደርስ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ብሩ ሰኔ ላይ ይድረስ፤ ነሐሴ ላይ የደረሰ ብር አናጺ አያገኝም።