በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት «ዲስቻርጅ»

ሐዋሳ ውስጥ ወደ ጀርመን ሄደው ለመሥራት የሚዘጋጁ ነርሶች የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጡልኛል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በጀርመንኛ ምን መልክ እንደሚኖረው ማየት ስለሚፈልጉ ረቂቁን እኔ አዘጋጃለሁ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣች አንዲት ነርስ ደብዳቤ «ዲስቻርጅ» የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ውስጥ በሦስት ትርጉም ይዞ ነበር። ታካሚዎችን ተቀብሎ ስለማስተኛትና ስለማሰናበት፣ ከቁስል ስለሚወጣ ፈሳሽ፣ በመጨረሻም ነርሷ ኃላፊነቷን በትጋት ስለመወጣቷ ይናገራል።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ወጣ፤ መግሉ ከቁስሉ ወጣ፤ ነርሷ ኃላፊነቷን ተወጣች። ሦስቱንም አንድ ግስ ይሸከማቸዋል። ስለዚህ በሌሎች ቃላት ላይ እንደማደርገው ወደ አማርኛ መልሼ ትርጉሙን መለየት አልጠቀመኝም። በየዓረፍተ ነገሩ «ማን ነው የሚያወጣው? የሚወጣውስ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን ከያዝሁ በኋላ ከሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ይልቅ ጀርመንኛን በጀርመንኛ የሚፈታውን ዱደንን ከፈትሁ።

ለታካሚው ቃሉ «ኤንትላሱንግ» ነው። ይኸው ቃል ሠራተኛ ከሥራ ሲባረርም፣ እስረኛ ሲፈታም ያገለግላል፤ በመሆኑም «የታካሚዎች» የሚለው ከአጠገቡ እንዳይለይ አደረግሁ። ይህ መስመር ለነርሷ ትልቅ ዋጋ አለው። የጀርመን ሆስፒታሎች ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ የሚያስፈልገውን እንክብካቤ አስቀድመው የማዘጋጀት ግዴታ አለባቸው፤ ከጥቅምት 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አሠራሩ ለሁሉም በአንድ የጋራ ውል ተደንግጓል። የቁስሉ ፈሳሽ «ዉንትዜክሬት» ይባላል። «አውስፍሉስ» የሚለውም በመዝገበ ቃላት ይገኛል፤ ነገር ግን በሕክምና ቋንቋ ሐሳብን በቅድሚያ ወደ ማህፀን ሕክምና ይወስዳል። (የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን የሚያስገባው የውሃ መጠንም በእንግሊዝኛ ዲስቻርጅ ነው፤ በጀርመንኛ ግን «አፕፍሉስ»።)

ብዙ ጊዜ የቆየሁት ሦስተኛው ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ግሱ ተገብሮ ሆኖ አንዲት መስተዋድድ ብትጨመር ነርሷ ኃላፊነቷን ተወጣች መባሉ ቀርቶ ከኃላፊነቷ ተነሳች ይሆናል። በጀርመንኛ የመጀመሪያው «ኤርፉለን»፣ ሁለተኛው «ኤንትቢንደን» ነው፤ ይህ ኋለኛው ደግሞ በወሊድ ክፍል ማዋለድ ማለት ነው። «ግዴታዎቿን ገቪሰንሃፍት ፈጸመች» በሚለው ጸናሁ፤ «ገቪሰንሃፍት» ኅሊና ከሚለው ቃል የወጣ ስለሆነ ትጋትንም ታማኝነትንም ይይዛል።

ደብዳቤው የሚዘጋው «በሥራዋ ረክተናል» በሚል ቃል ነበር። በጀርመን አሠሪ ስለ ሠራተኛው የሚጽፈው ምስክርነት በጎ ቃና እንዲኖረው ስለሚጠበቅ የደረጃ ልዩነቱ የሚነበበው ከሚጨመሩት ቃላት ነው። «ሁልጊዜም በተሟላ እርካታ» ሲባል ጥሩ ደረጃን ያመለክታል፤ «እርካታ» ብቻውን ሲቀመጥ ግን ለማለፍ ያህል የሠራ ሰው ተደርጎ ይነበባል።

«ጋሼ፣ መርካት ታዲያ ጥሩ ቃል አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ጥሩ ነው፤ ለእኛ ደብዳቤ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልገውም ነበር። ይሁን እንጂ እኔ «ሁልጊዜም» እና «የተሟላ» ብዬ ብጨምር በሆስፒታሉ ማኅተም ሥር የራሴን ቃል ማስገባት ይሆናል። ስለዚህ አለቃዋ ዘንድ ተመልሳ እርካታ በሚለው ቃል ፈንታ የሠራችው ሥራ እንዲዘረዘርላት እንድትጠይቅ መከርኋት። አለቃዋም ፈቃደኛ ሆኑ። አዲሱ ደብዳቤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያደረገችውን ክትትል፣ የቁስል እጥበትና ፋሻ ቅየራውን፣ የሌሊት ተረኛነቷን እንዲሁም ለአዳዲስ ነርሶች የሰጠችውን ሥልጠና በየመስመሩ ይዞ መጣ።