ከሒሳብ ወደ ሰማያዊ ሜካኒክስ፦ ላግራንዥ ነጥብ ላይ ደርሻለሁ

ጥናቱ የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ ይኸው። መነሻዬ ንጹህ ሒሳብ ነው፤ ፊዚክስ ላይ የያዝኩት ከኒውተን ሕጎች ብዙም አያልፍም። ለሰማያዊ ሜካኒክስ (የሰማይ አካላት እንቅስቃሴ ጥናት) ግን ይሄ በደንብ ያስጀምራል።

ሁለት አካላት ብቻ ሲሳሳቡ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ጥያቄ ተፈቶ ያለቀ ነው። ሦስተኛ ሲጨመር ነው ጉድ የሚፈላው። የሒሳብ ሊቁ ሰንድማን በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መልሱን ማለቂያ በሌለው ድምር ጽፎታል፤ ድምሩ ግን ወደ መልሱ የሚጠጋው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ለስሌት አይረባም። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ፖንካሬ ቀደም ብሎ፣ በ1890 ባሳተመው ሥራ፣ ሌላ መንገድ ከፍቶ ነበር። ቀመር ማሳደዱን ትቶ፣ የትኛው ምህዋር ተመልሶ ይመጣል፣ የትኛውስ ከአጠገቡ ይሸሻል ብሎ ጠየቀ። የኔም ልብ የሄደው ወደዚህ ነው።

ሰሞኑን የያዘኝ አራተኛው የላግራንዥ ነጥብ ነው፤ የላግራንዥ ነጥብ ማለት ትንሽ አካል ከሁለት ትልልቆች አንጻር ባለበት ሊቆይ የሚችልበት ቦታ ነው። ሁለት ትልልቅ አካላት በክብ ይዞራሉ፣ ሦስተኛው ኢምንት ነው። እኛም አብረን እየዞርን ስናያቸው ሁለቱ የቆሙ ይመስላሉ። ከሁለቱ ጋር ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን የሚሠራው ቦታ ላይ፣ ስበቱና ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ይሰራረዛሉ። የሚገርመው፣ ቦታው ኮረብታ አናት ላይ ኳስ እንደማስቀመጥ ነው፤ ኳሱ መንከባለል ነበረበት። የሚያተርፈው የኮሪዮሊስ ኃይል ነው። መንሸራተት ሲጀምር ወደ ጎን እየጠመዘዘ ይመልሰዋል።

ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩት፣ ደስ ይላል። እንቅስቃሴውን በነጥቡ አጠገብ ሊኒየር ስናደርገው (የመጀመሪያ ዲግሪ ተርሞችን ብቻ ስንይዝ) አራተኛ ዲግሪ እኩልታ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ኳድራቲክ ነው። ትንሹ አካል ከሁለቱ ጠቅላላ መጠነ ቁስ ያለውን ድርሻ ሚ ብንለው፣ ፈራጁ (ዲስክሪሚናንቱ) 1 − 27ሚ(1 − ሚ) ነው። ከዜሮ ከበለጠ ሥሮቹ በሙሉ ምናባዊ ናቸው፣ አካሉም እዚያው ይወዛወዛል። ድንበሩ ሚ 0.0385 ገደማ ሲሆን ነው። ለምድርና ለጨረቃ 0.012 አካባቢ፣ ለፀሐይና ለጁፒተር ከ0.001 በታች ነው። ላግራንዥ ሦስት ማዕዘኑን በ1772 አገኘው፤ በ1906 አኪሊስ የተባለው አስትሮይድ የጁፒተር አራተኛ ነጥብ አካባቢ ተገኘ።

እዚህ ላይ ማቆም ግን አይቻልም። ሥሮቹ ምናባዊ ሲሆኑ ሊኒየሩ ብቻውን አይፈርድም። የሁለቱ ውዝዋዜዎች ፍጥነት 1 ለ 2 ወይም 1 ለ 3 ሲሆን፣ ሊኒየሩ ደህና ነው እያለ መረጋጋቱ ይፈርሳል። ኮልሞጎሮቭ በ1954 የጀመረው፣ አርኖልድና ሞዘር ያደረሱት ቲዎሪ የሚገባው እዚህ ነው። በክፍልፋይ ቁጥሮች በቀላሉ የማይጠጉ ሬሾዎች ናቸው ሥርዓቱን የሚጠብቁት። የቁጥር ቲዎሪ የተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ ቤቱ ነው።

ከሒሳብ ለምትመጡ፣ የሃሚልተንን ሜካኒክስ (እንቅስቃሴን ከኢነርጂ ቀመር የሚያወጣውን) ቀድማችሁ ያዙ። ኮምፒውተር ላይም ምህዋሩን ደረጃ በደረጃ ስታሰሉ በኦይለር ዘዴ አትጀምሩ፤ ክቡ ምህዋር እየሰፋ ይሄድባችኋል። ሊፕፍሮግ የሚባለው ዘዴ አጭር ነው፣ ኢነርጂውንም ለረጅም ጊዜ አያዛባም።

አሁን ሃሚልቶኒያኑን (የኢነርጂውን ቀመር) በነጥቡ ዙሪያ እስከ አራተኛ ዲግሪ እየዘረጋሁ ነው። የቢርኮፍን ኖርማል ፎርም (ተለዋዋጮችን እየቀየሩ ቀመሩን የሚያቀሉበትን ቅርጽ) በእጁ የሠራ ካለ፣ ሦስተኛ ዲግሪ ተርሞቹን በምን ቅደም ተከተል እንዳስወገደ ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።