የጋሼ ክርን

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆርጣል። ላብራቶሪ ለሚሠራ ሰው ደግሞ በቀዘቀዘ እጅ ላይ የደም ሥር ፍለጋ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ያን ቀን የገቡት ጋሼ ከመንዝ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸውን አልፈቱም። «እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» ስላቸው የእጃቸውን ጀርባ ዘረጉ። «ከዚህ ቅጂ» አሉኝ።

ሥሩ አልታይ ሲለኝ እጅጌውን ራሴ ወደ ላይ ገፋሁት። ክርናቸው ቀይ፣ ወፍራም፣ ከላዩ ብርማ ቅርፊት የለበሰ ነው። ሳላስበው ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። አዩኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አይጋባም» አሉ ቀስ ብለው።

ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሶሪያሲስ የሚባለው ይህ የቆዳ በሽታ እንደማይተላለፍ ተምሬያለሁ። ያን ሰዓት ግን እውቀቴ አልደረሰልኝም።

ወረቀቱ ላይ የታዘዘው የደም ቆጠራ፣ ታይፎይድና ሲአርፒ ነው። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት፣ ማለትም የአካል መቆጣት፣ ሲኖር ጉበት አብዝቶ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። እኛ ጋ የሚሠራው በጠብታ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም (ከደም የተለየ ፈሳሽ)፣ አንድ ጠብታ ነጭ ፈሳሽ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ማዟዟር። የጋሼ ወዲያው እንደ አይብ ፍርፍር አለ። «ፖዘቲቭ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ድካሙ እንዳለ ነው፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሲአርፒው አሁንም ፖዘቲቭ። ተረኛው ዶክተር ወረቀቱን ይዞ ላብራቶሪ ድረስ መጣ።

«ኢንፌክሽኑ የት ነው? ምንም ላገኝ አልቻልኩም» አለኝ።

«ክርናቸውን አይተኸዋል?»

አላየውም። ጋሼ እጅጌያቸውን ለማንም አልሰበሰቡም ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም። ቆዳ የኔ ሥራ አይደለም ብዬ ነበር።

ዶክተሩ እዚያው ቆሞ አስረዳኝ። ሶሪያሲስ ቆዳ ላይ የሚታይ፣ ግን መላ ሰውነትን የሚነካ ብግነት ነው። ቆዳውን የሚያስቆጡት ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 17 የሚባሉ መልእክተኞች በደምም ይዞራሉ። የደም ቧንቧን ግድግዳ ያስቆጣሉ፤ የተቆጣ ግድግዳ ላይ ስብ በቀላሉ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪታንያ የሕክምና መዝገቦች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት፣ በተለይ በሽታው የጠናባቸው ወጣቶች ለሃርት አታክ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2018 የወጣው የአሜሪካ የኮሌስትሮል መመሪያም ሶሪያሲስን የልብ ሥጋት ከሚጨምሩ ነገሮች መድቦታል።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ የራሴው ሰሌዳ ነው። ለልብ ሥጋት የሚታየው ሲአርፒ በማሽን የሚለካ፣ በሊትር 2 ሚሊግራም ሲደርስ ጀምሮ የሚቆጠር ነው። የኛ ጠብታ የሚፈረፈረው ወደ 6 ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ «ኔጋቲቭ» ያልኩት ሁሉ ልቡ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ፖዘቲቩም ቢሆን ከጥርስ ወይም ከመገጣጠሚያ ሊመጣ ይችላል። ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል አብረው ካልታዩ በሲአርፒ ብቻ ስለ ልብ መናገር አይቻልም።

ግፊታቸው በዚያው ቀን 160/100 ሆነ። በማግስቱ ምግብ ሳይቀምሱ መጡ። ስኳር 141፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ 168፤ ሁሉም ከፍ ያለ። ለልብ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ መድኃኒትም ጀመሩ። ለቆዳቸው ሃያ ዓመት ቅባት ሲታዘዝላቸው ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዓመት ግፊታቸውን የለካ ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቅርፊት ካየሁ ከውጤቱ ሥር «ክርናቸው ላይ የቆዳ ችግር አለ፤ ይታይ» ብዬ እጽፋለሁ። ጓንት ለሁሉም ታካሚ እንደማደርግም ሰው ሳይሳቀቅ በፊት እናገራለሁ።

ባለፈው ወር ጋሼ ለክትትል መጡ። ሳልጠይቃቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቋል።

«ታናሼ ነው» አሉኝ። «የሱም ክርን እንደኔው ነው። ግፊቱም ደሙም ታይቶ አያውቅም። ሌሊት በአስር ሰዓት ነው የተነሣነው፤ እህል አልቀመሰም።»

ወንበሩን ሳብኩለት።