ከካስክ ስር ያለ ኬሚስትሪ

ድሬዳዋ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ኬሚካዊ ትስስር ስንማር ተማሪዎቼ የሚወዱት ሁልጊዜ ጠንካራውን ነው። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ይሰጣል፣ የገበታ ጨው ይሆናል። ካርቦንና ሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ይጋራሉ፣ ሚቴን ይሆናል። ይህ ቶሎ ይገባቸዋል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ሃይድሮጂን ቦንድ ላይ ስንደርስ ግን «ደካማ ነው» ብለው ይጽፉና ደብተሩን ይከድናሉ። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ እጅግ ብዙ ሥራ የሚሠራው ይኸው ደካማ የተባለው ቦንድ ነው። የሚሠራውም ደካማ በመሆኑ ነው።

ይህን ከላብራቶሪ በላይ አጥርቶ የሚያሳየኝ የታናሽ እህቴ ፀጉር ቤት ነው። ሳቢያን ሰፈር ነው ያለችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲበዛባት ሄጄ አግዛታለሁ፤ ፎጣ አጥፋለሁ፣ ቢጉዲን አቀብላለሁ። ውሃ የጠጣ ፀጉር ይለሰልሳል፣ ቀስ ብለው ሲስቡትም ይለጠጣል። እህቴ በቀጭን ማበጠሪያ ትከፍለዋለች። ጫፉን ቢጉዲኑ ላይ ታስይዝና እስከ ሥሩ ድረስ ወጥራ ትጠቀልለዋለች። ከዚያ መረብ፣ ከዚያ ካስክ።

ካስኩ ከጠፋ በኋላ ያለው ክርክር ነው ደስ የሚለኝ። ደንበኛዋ ሰርግ አለባት። «ደርቋል እኮ፣ ፍቺልኝና ልሂድ» ትላለች። እህቴ ንቅንቅ የለም። «አቦ ተረጋጊ! ትኩሱን ከፈታሁት አዳራሽ ሳትደርሺ ይወድቃል።»

ልክ ናት። ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ በኮቫለንት ቦንድ፣ ማለትም ኤሌክትሮን በመጋራት በሚፈጠረው ጠንካራ ትስስር፣ የተቀጣጠሉ የአሚኖ አሲዶች ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ፀጉር ውስጥ እንደ ሞላ ይጠመዘዛል፤ በእያንዳንዱ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ አለ። ዙሩን ከዙር ጋር አያይዞ የሚይዘው ሃይድሮጂን ቦንድ ነው። ናይትሮጅን ላይ ያለው ሃይድሮጂን በመጠኑ ፖዘቲቭ ነው፣ ከላይኛው ዙር ያለው ኦክስጅን በመጠኑ ኔጋቲቭ ነው፤ ይሳሳባሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሰንሰለቶችም እንዲሁ በየቦታው ይያያዛሉ።

ውሃ ሲገባ ምን ይሆናል? ውሃ ራሱ በሃይድሮጂን ቦንድ የሚኖር ሞለኪውል ነው። በሰንሰለቶቹ መካከል ሰርጎ ይገባና የነበረውን ጥንድ ለያይቶ እሱ ይያያዛል። ፀጉሩ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ቢጉዲን ላይ ተጠቅልሎ ውሃው በሙቀት ሲወጣ ሰንሰለቶቹ እንደገና ይያያዛሉ፤ ግን አሁን ባሉበት፣ በተጠቀለሉበት ቅርጽ። ትኩስ እያለ ሞለኪውሎቹ ስለሚንቀጠቀጡ አዲሱ ትስስር ገና አልረጋም። ሲቀዘቅዝ ይረጋል። እህቴ የምትጠብቀው ይህን ነው።

በቁጥር እንየው። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንንና ሃይድሮጂንን ያያያዘውን ኮቫለንት ቦንድ ለመበጠስ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ ነው) ወደ 460 ኪሎጁል ያስፈልጋል። በሁለት የውሃ ሞለኪውሎች መካከል ላለው ሃይድሮጂን ቦንድ 20 ገደማ ይበቃል። ካስክም ሆነ ፒያስትራ ትንሹን መነካካት ይችላል። ትልቁ ጋ ሳይደርስ ፀጉሩ ይቃጠላል።

ከድሬ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ደንበኞች አሏት። ፒያስትራ ተደርገው እዚህ በደረቁ አየር ቀናት ይቆይላቸዋል። እዚያ ወርደው የባሕሩ እርጥበት ሲነካው ይነሳል፣ ይጠቀለላል። ሥራው ተበላሽቶ አይደለም፤ የአየሩ ውሃ ፒያስትራው የሠራውን እያፈታታ ነው። ፀጉር እርጥበትን እንዲህ በታማኝነት ስለሚናገር ለመለኪያነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1783 የጄኔቫው ሊቅ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ስለ ፀጉር እርጥበት መለኪያው ጽፏል። ፀጉር ከፍጹም ደረቅ ወደ ፍጹም እርጥብ አየር ሲዛወር ርዝመቱ 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ለረጅም ዘመን የሠሩት በዚሁ ነበር።

ሪላክሰር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፀጉር ውስጥ ከሃይድሮጂን ቦንድ ሌላ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ ቻርጅ የሚሳሳብ አዮኒክ ትስስር አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለት ሰልፈሮች በኮቫለንት ቦንድ ተያይዘው ሰንሰለትን ከሰንሰለት ያስራሉ። የፀጉር ጥንካሬ በብዛት ያለው እዚህ ነው። ብዙዎቹ ጠንካራ ሪላክሰሮች ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው ፒኤች ከ12 በላይ ይወጣል። የተዘጋ ቱቦ የሚከፍተው ኬሚካል ይኸው ነው። የሰልፈሩን ድልድይ ይሰብራል፤ ከሁለቱ ሰልፈሮች አንዱ ይወጣል። ውሃ ቢነካው፣ ጅቡቲ ቢወርድ አይመለስም። ሥሩ ላይ አዲስ ፀጉር እስኪያድግ ድረስ ያው ነው። ለዚህ ነው እህቴ ሪላክሰር ስትሠራ የግንባሩን ዳር ቫዝሊን የምትቀባው፣ ዓይኗንም ከሰዓቱ የማትነቅለው። ቆዳችንም ፕሮቲን ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የፀጉርን ኬራቲን ከቆዳ ኬራቲን ለይቶ አያውቅም። ቤታችሁ ብቻችሁን የምትሠሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ከሰርግ በፊት ደግሞ ሂና አለ፤ ድሬና ሐረር ያለ ሂና ምን ሰርግ አለ። የቅጠሉ ቀለም ሎሶን ይባላል። ከኬራቲን ጋር ኬሚካዊ ትስስር ይፈጥራል፤ ስለዚህ እጅ ቢታጠቡ አይለቅም። የሚሄደው የላይኛው ቆዳ ራሱ ተላጦ ሲሄድ ነው። ሂናውን በሎሚ ጭማቂ የሚለውሱ እናቶች አሲዱ ሎሶኑን ከቅጠሉ ለማውጣት እንደሚረዳ በልምድ ደርሰውበታል። ቶሎ እንዲጠቁር ብለው የፀጉር ቀለም የሚቀላቅሉበትን «ጥቁር ሂና» ግን እፈራዋለሁ። ውስጡ ያለው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳም ይተዋል።

ወደ ደካማው ልመለስ። የፕሮቲንን ጥምዝ ለማወቅ መንገዱ የተጀመረው በፀጉርና በሱፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዝ ሊድስ ውስጥ ሳይንቲስቱ ዊልያም አስትበሪ በሁለቱም ላይ ኤክስሬይ አብርቶ ፎቶ አነሳ። ሲለጠጡ ውስጣዊ ቅርጻቸው እንደሚለወጥ አየ። አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ በ1948 ኦክስፎርድ ሳለ ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ዋለ። ወረቀት ላይ የፕሮቲን ሰንሰለት ሥሎ ወረቀቱን እያጠፈ ሃይድሮጂን ቦንዶቹ የሚገጥሙበትን ጥምዝ ፈለገ፣ አገኘም። በ1951 ከሮበርት ኮሪና ከኸርማን ብራንሰን ጋር አሳተሙት። ብራንሰን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ስሙን ተማሪዎቼ ፊት ሁሌ አነሳዋለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዲኤንኤ መጣ። ሁለቱን ሰንሰለቶች ያያያዘውም ያው ሃይድሮጂን ቦንድ ሆኖ ተገኘ። የዘረመል መልእክት የሚጻፍባቸው አራት ፊደላት አሉ፤ አዴኒን ከታይሚን ጋር በሁለት፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር በሦስት። የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳተሙት ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ለጓኒንና ሳይቶሲን የሣሉት ሁለት ብቻ ነበር፤ ሦስተኛውን በ1956 ያሳዩት ፖሊንግና ኮሪ ናቸው።

አሁን አስቡት። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ አለው። አንድ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ይህ ሁሉ ተከፍቶ መገልበጥ አለበት። ጥንዶቹ በኮቫለንት ቦንድ ቢታሰሩ ኖሮ መክፈቻው ጽሑፉን አብሮ በቀደደው ነበር። አሁን ግን የእያንዳንዱ ሰንሰለት ጀርባ በጠንካራው ቦንድ ተይዞ ይቆያል፣ መሐሉ በቀላሉ ይከፈታል። ጠንካራው መልእክቱን ይጠብቃል፣ ደካማው እንዲነበብ ያደርጋል። በኮሮና ጊዜ ስሙን የለመድነው የፒሲአር ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ነው። 95 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ሁለቱ ሰንሰለቶች ይለያያሉ፣ ሲቀዘቅዝ አዲስ ጥንድ ይይዛል። ካስክ ስር ለተቀመጠች ሴት ይህን ማስረዳት ቀላል ነው።

የድሬን ሙቀት የምንችለውም በዚሁ ቦንድ ነው። በውሃው ኦክስጅን ቦታ ሰልፈር ያለው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከውሃ በሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ግን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ውሃን እስከ 100 ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው የሃይድሮጂን ቦንዱ ብርታት ነው። ላብ ለመትነን እነዚህን ቦንዶች መበጠስ ስላለበት አንድ ግራሙ ከቆዳችን ሲተን 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

አሁን ለሃይድሮጂን ቦንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሶስዩርን ዓይነት መለኪያ ይሠራሉ። መሥራት ለምትፈልጉ መምህራን እነሆ። ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሪላክሰር ያልነካው ፀጉር ፈልጉ። በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ይውጣ። የላይኛውን ጫፍ የቆመ ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ከታች በአንድ ጫፉ በስፒል የተያዘ የወረቀት ጠቋሚ አድርጉና የፀጉሩን ሌላ ጫፍ ከስፒሉ አጠገብ ለጥፉበት። ጠቋሚው ላይ ሳንቲም ይለጠፍ። ፀጉሩ የሚረዝመው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ስፒሉ በቀረበ ቁጥር ግን የጠቋሚው ጫፍ ብዙ ይሄዳል። እርጥብ ፎጣ አጠገቡ ስቀሉና ጠብቁ። ጠቋሚው ወደ ታች ሲወርድ ክፍሉ ይንጫጫል፤ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠይቋቸው።