ስፒከር መምረጥ፦ ግራፉ፣ ጆሮውና ነጠላው

ለደሴው ቤታችን ስፒከር ፍለጋ ከጀመርኩ ቆየሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ግራፍ (ስፒከሩ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያወጣ የሚያሳየውን መስመር) ሳላይ አልመርጥም፣ ሳልሰማም አልገዛም። ስሰማ ግን ስፒከሩን ማየት የለብኝም።

ፒያሳ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ ‹‹ፒኤምፒኦ›› ተብሎ በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። እሱን እርሱት፤ ወጥ የሆነ የአለካክ ደንብ የለውም። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚችለውን ኃይል፣ ፈልጉ። ሴንሲቲቪቲውንም፣ ማለትም በተወሰነ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ በዴሲቤል (በድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚገልጸውን ቁጥር፣ እዩ። 86 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር 89 ከሆነው ጋር እኩል ለመጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ‹‹ከ50 እስከ 20,000 ኸርዝ›› የሚለው፣ ስፒከሩ ከወፍራም እስከ ቀጭን የሚያወጣውን ድምፅ የሚገልጸው ጽሑፍ ደግሞ አጠገቡ ‹‹ፕላስ ማይነስ 3 ዴሲቤል›› የሚል ገደብ (ጉልበቱ ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ እንደማይል የሚናገር) ከሌለው ምንም አልነገራችሁም።

ሱቅ ውስጥ ማዳመጥ ብዙ አይረዳም። ጎላ ብሎ የተከፈተው ሁሌም የተሻለ ይመስላል። ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) አሳንሶ እንደሚሰማ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ስለዚህ ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። እኔ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ‹‹ሽሽሽ›› የሚል ድምፅ ከፍቼ፣ ስልኬን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጬ በዴሲቤል መለኪያ አፕ ነው የማስተካክለው። የስልክ ማይክ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል። ሁለቱን ለማስተካከል ግን ይበቃል።

ዓይንን መከለል ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ስለ ፍሎይድ ቱል ሥራ ሳነብ ነው። ሰውዬው ካናዳ ኦታዋ ውስጥ በብሔራዊ የምርምር ተቋም ለዓመታት ስፒከር ሲለካና ሰው ሲያስደምጥ የኖረ ነው። ስፒከሩን ሳያዩ የሰሙ ሰዎች በብዛት የሚመርጡት ግራፉ ለጥ ያለውን፣ ማለትም የትኛውንም ድምፅ ለይቶ የማያጎላና የማያሳንሰውን፣ ሆኖ አገኘው። በ1994 ደግሞ ከሾን ኦሊቭ ጋር የስፒከር አምራቹን የሐርማን ኩባንያ ሠራተኞች በመጋረጃና ያለ መጋረጃ ፈተኑ። ስፒከሩን ሲያዩ ምርጫቸው ተቀየረ። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ እኔ ከዚህ አመልጣለሁ ብዬ አላስብም።

መጋረጃ አድርጌ የተጠቀምኩት ነጠላ ነው። እህቴ ሳሎኑ ላይ ገመድ ወጥራ ሰቀለችልኝ። ስስ ስለሆነ ድምፁን ያሳልፋል፤ ወፍራም መጋረጃ ግን ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ይበላዋል። ከኋላው ሁለት ዓይነት ስፒከር አስቀመጥን፦ አንዱ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቤዙ የሚያንቀጠቅጥ፤ ሌላው ትንሽ ባለ ሁለት ድራይቨር (ድምፅ የሚያወጣው ክፍል)፣ ግራፉ ለጥ ያለ። እየቀያየረች ስትከፍት የትኛው እንደሆነ አትነግረንም።

አጎቴ የመንዙማ ሰው ናቸው። ስለ ስፒከር ምንም አላልኳቸውም፤ የትኛው እንደሚሻል ብቻ ጠየቅኳቸው። ‹‹የመጀመሪያው ድቤውን ያጓራዋል ልጄ። ሁለተኛው ላይ ግን መዳፉ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል›› አሉ። ሁለተኛው ትንሹ ነበር።

እኔ የተጠቀምኩት በማሲንቆ የተጫወተ አምባሰል ነው። ማሲንቆ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም። የደጋኑ ጭራ የአውታሩን ጭራ ሲፈትግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ በጥሩ ስፒከር ከዜማው ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። በረጅሙ ስፒከር ግን ከዜማው ተነጥሎ ጆሮ ይወጋል። በኋላ ግራፉን ሳየው 3,000 ኸርዝ አካባቢ ጉብ ብሏል። ጆሮዬ የሆነ ነገር እንደረበሸኝ ነገረኝ፤ ቦታውን ያሳየኝ ግራፉ ነው። የማውቀውን ዘፈን መጠቀሜም ረድቶኛል። ሱቅ ውስጥ የሚያስደምጡን ለቤዝ ማሳያ የተሠራ ሙዚቃ ማንኛውንም ስፒከር ያሳምራል።

ቤዙን በተመለከተ ክፍሉ ራሱ ጉልበተኛ ነው። ከ300 ኸርዝ በታች ከስፒከሩ ይልቅ የምትሰሙት ክፍሉን ነው ማለት ይቻላል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉት። የእኛ ሳሎን 4 ሜትር ስለሆነ 43 ላይ፣ ቀጥሎም 86 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ሶፋው ከኋላ ግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለነበር ቤዙ እዚያ ይከመር ነበር። ወደፊት ሳብ ስናደርገው የድቤው ጉርምርምታ ቀነሰ። አምስት ሳንቲም አላወጣንም።

ሌላው ነገር የቤታችን አቀማመጥ ነው። የውጭ ጽሑፎች አድማጩን ሁሌ መሃል ላይ ያስቀምጡታል። እኛ ግን ቡና ሲፈላ ረከቦቱን ከበን ነው የምንቀመጠው፤ ግማሻችን ከስፒከሩ ጎን እንሆናለን። ስለዚህ ከፊት ለፊት የተለካው ግራፍ ብቻውን አይበቃኝም። ስፒኖራማ የሚባለው አለካክ ስፒከሩን በዙሪያው ለክቶ ወደ ጎን የሚወጣው ድምፅ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የጎኑ መስመር ከፊቱ ጋር ተመሳስሎ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው አክስቴም ደህና ድምፅ ትሰማለች። ትንሹን እንድመርጥ የቆረጥኩት በዚህ ነው።

አሁን የቀረኝ ክፍሉን በደንብ መለካት ነው። አርኢደብሊው የሚባለው ነፃ የክፍል ድምፅ መለኪያ ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ተጭኗል፤ ካሊብሬት የተደረገ (ትክክለኛነቱ ተፈትሾ የተስተካከለ) ማይክ ግን የለኝም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ማይኩ በእጃችሁ ካለ አንድ እሁድ አውሱኝ ወይም ይዛችሁት ኑ። ውጤቱን ከነግራፉ አጋራችኋለሁ፤ ቡናው ከእኛ።