ሎስት ቲኬት

ይህን ታሪክ «ፕሮፌሰሩ» ሲያወራው ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዴ ክርስትና ቤት፣ አንዴ ደግሞ ከኋላው መቆሜን ሳያውቅ። እሱ ሲያወራው እኔ ፈሪ ነኝ። እስቲ እኔም ላውራው።

ፊላዴልፊያ መሀል ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ፓርኪንግ የማታ ካሸር ነኝ። ካርዱ አልሠራ ያለው፣ መኪናውን ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳቆመ የጠፋበት፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ መሄጃ ያጣ፣ ሁሉም ወደ ቡዜ፣ ወደ ካሸር ክፍሌ፣ ነው የሚመጣው። ኮንሰርት ሲያልቅ ለአርባ ደቂቃ ያህል ትንፋሽ አይሰጡም። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ጸጥ ነው። ያ ጸጥታ ነው ያሳተኝ።

ፕሮፌሰሩ የቀን ሽፍት ነው። እሱ ሲወጣ እኔ እገባለሁ። በምንገናኝባት አሥር ደቂቃ ውስጥ ያላስተማረኝ ነገር የለም። ቤት አገዛዝ፣ አክሲዮን፣ የኩላሊት ጠጠር በምን እንደሚወጣ። አንድ ቀን ፖከር ሆነ።

«ረጅሙን ውድድር ተወው» አለኝ። «ለእንዳንተ ዓይነቱ ሠራተኛ የሚሆነው ፈጣኑ ነው። ዘጠኝ ሰው ተቀመጠ፣ ተጀመረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።»

ነገሩ ሕጋዊ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ በስልክ ይጫወታሉ። 21 ዓመት ከሞላህና መተግበሪያው ግዛቱ ውስጥ መሆንህን ካረጋገጠ ሌላ ጠያቂ የለህም። ድልድዩን ተሻግረህ ኒው ጀርሲ ስትገባ ጨዋታው ይዘጋብሃል። እኛ ጋ ደግሞ ኒው ጀርሲ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ ምድር ቤት ከወረድክ የት እንዳለህ ጠፋኝ ብሎ ያስወጣሃል። ስለዚህ የሚያዋጣው ቦታ የእኔ ቡዝ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ሁልጊዜ የሚጠራው አንድ ሰው አለው። ክሪስ መኒሜከር (በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት) ይባላል፤ የቴነሲ ሰው ነው፣ ያኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ኢንተርኔት ላይ 86 ዶላር ከፍሎ በገባበት ማጣሪያ የላስ ቬጋሱን ትልቁን ውድድር ተቀላቀለ። 2003 ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ። ሰውየው እውነት ነው፣ ስሙም የአባቱ ስም ነው። ፕሮፌሰሩ ስሙን ሲጠራው ግን የራሱ የአክስት ልጅ ይመስላል።

እኔም 50 ዶላር አስገባሁ። አንዱ ውድድር 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። 5ቱ ለሽልማቱ፣ 50 ሳንቲሙ ለአጫዋቹ ድርጅት። ዘጠኝ ሰው ሲሞላ ሽልማቱ 45 ዶላር ይሆናል። አንደኛ 22.50፣ ሁለተኛ 13.50፣ ሦስተኛ 9 ዶላር። አራተኛ የሚያገኘው እንቅልፍ ነው።

መጀመሪያ የተጫወትኳቸውን ስድስት ውድድሮች ማስታወስ አልፈልግም። ሁሉንም ነገር ገልብጬ ነበር የያዝኩት። ጨዋታው ሲጀመር 1,500 ቺፕ፣ ማለትም መወራረጃ ነጥብ፣ አለህ። ትልቁ ብላይንድ፣ ተራህ ሲደርስ ወደድክም ጠላህም የምታስይዘው፣ 20 ነው። አልቸኩልም ማለት የምትችልበት ሰዓት ያ ነው። እኔ ግን ኮንከር እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት። ካርታ ከታደለኝ መጫወት አለብኝ። በቀይ ያማረ ሁሉ ደስ ይለኛል። ግማሹን ቺፕ እዚያ እጨርሳለሁ። ብላይንዱ በየአምስት ደቂቃው ይወጣል። 40 ደቂቃ ላይ 400 ይደርሳል። በእጄ የቀረው አራት አምስት ብላይንድ ሲሆን ያኔ ጨዋ እሆናለሁ። ደህና ካርታ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ብላይንዱ ይበላኛል።

ትክክሉ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ላይ ጣል፣ ጣል፣ ጣል። ቺፕህ ከአሥር ብላይንድ በታች ሲሆን ደግሞ ማባበል የለም፤ ወይ ትጥላለህ ወይ ሁሉንም ትገፋለህ። ይህን ፕሮፌሰሩ ነው ያስተማረኝ፣ አልክድም። አብሮ ያስተማረኝ ሌላ ነገርም አለ። «አራት ሰው ሲቀር ሁሉም ይፈራል። ያኔ አንተ አትፍራ። የፈራ ይመለስ!» ይህን ማለቱን አስምሩበት።

ቅዳሜ ማታ ነው። ኮንሰርቱ ወጥቶ አልቋል። አራት ሰው ቀርተናል። ወደ 3,400 ቺፕ አለኝ፤ ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ስልኩ የገንዘብ መሳቢያው ጎን ላይ ተደግፏል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፖከር ገንዘብ ላገኝ ነው። ልቤ ይመታል። ለዘጠኝ ዶላር!

ማገጃው ጋ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። መስታወቱ ወረደ።

«ቲኬቴ ጠፍቷል» አለኝ ሰውየው።

ሎስት ቲኬት እኛ ጋ የቀኑ ሙሉ ሂሳብ ነው። 45 ዶላር። አዎ፣ ልክ እንደ ሽልማቱ። ያኔ አላስተዋልኩትም።

«45 ዶላር ነው ጌታዬ።»

«ለሁለት ሰዓት?»

«ሁለት ሰዓት መቆምዎን የሚያሳየው ቲኬቱ ነው።»

«እሱን እኮ ነው ያጣሁት።»

«ለዚህ ነው 45 የሆነው።»

ዝም ብሎ አየኝ። እኔ በአንድ ዓይኔ ስልኩን አያለሁ። ከቀኜ ያለው ተጫዋች ሁሉንም ገፋ። የእኔን ሁለት ካርታዎች አየሁ። ኤስ እና ኪንግ።

እንዲህ ያለ ካርታ ሌሊቱን ሙሉ አላየሁም። መጫን ብቻ ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል አለኝ። እጄን ሰደድኩ።

«ይቅርታ፣ ስልክ ላይ ነህ እንዴ?» አለ ሰውየው።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኔ ሰርቄ የተያዝኩ ሰው ነው የመሰልኩት። ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

«የለሁም ጌታዬ።»

«አለቃህን አናግራለሁ።»

«ሰኞ ጠዋት ይገኛሉ።»

ከዚያ የመኪናውን ወንበር ሥር ፈተሸ። ኪሱን ገለበጠ። ምግብ የበላበትን ደረሰኝ አውጥቶ «ይኸው፣ ይህ ሰዓቱን ያሳያል» አለኝ። ደረሰኙ የምግብ ቤቱን ሰዓት እንጂ የእኛን አያሳይም። ይህን ለማስረዳት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንጃ። በመጨረሻ ካርዱን አውጥቶ ከፈለ፣ ደረሰኙን ከእጄ ነጠቀኝ፣ ወጣ።

ስልኩን ገለበጥኩ። ሰዓቱ ስላለቀ ኤስና ኪንጌን መተግበሪያው ራሱ ጥሎልኛል። ቀጥሎ የመጡትንም ጥሏል። ሦስት ሰው ቀርተናል። ሁለቱ ተጋጭተው አንዱ ወጥቷል። ሽልማት ውስጥ ነኝ። ቲኬት የጠፋበት ሰውዬ ጋ እየተጨቃጨቅኩ አለፍኩ ማለት ነው። ብዙም ሳልቆይ ብላይንዱ ሲያንቀኝ በኪንግና በዘጠኝ ገፍቼ ወጣሁ። 9 ዶላር ገባልኝ። ቡዙ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

ማጨብጨቤን ካሜራው አይቷል።

ሰኞ ጋሼ ቢሮ ጠሩኝ። ጋሼ ሱፐርቫይዘራችን ናቸው። እዚህ ከመምጣታቸው በፊት አትላንቲክ ሲቲ ለዓመታት የካሲኖ እንግዶችን መኪና ሲያቆሙ ኖረዋል። ከእኛ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። በመኪና መጥተው በአውቶቡስ የሚመለሱ ሰዎችን አይቻለሁ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አያወሩም።

ቪዲዮውን አሳዩኝ። ስልኬን ስደፋ አቆሙት።

«ምን ነክቶህ ነው?»

ልዋሽ አሰብኩ። አልሆነልኝም። «ፖከር ነበር ጋሼ።»

እጠብቃለሁ። ስድብ ይመጣል፣ ወይም ስንብት። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ይዘህ ነበር?»

«ምን አሉኝ?»

«ካርታ። ምን ይዘህ ነበር?»

«ኤስና ኪንግ።»

«ስንት ሰው ቀርቶ?»

«አራት።»

«ሰውየው ገፍቶብህ?»

«አዎ።»

«ባለመኪናው ባይመጣ ትገባ ነበር?»

«እንዴታ!» አልኩ። ፕሮፌሰሩ በአፌ ተናገረ።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ሳቡና ገለበጡት። እስክሪብቶ አነሱ። «አራታችሁም እኩል ቺፕ አላችሁ እንበል። 45 ዶላሩን ለአራት ብታካፍለው የአንተ ድርሻ ስንት ነው?»

«11 ከ25።»

«ገባህ፣ አሸነፍክ። ቺፕህ እጥፍ ሆነ። ገንዘብህስ?»

«እጥፍ። 22 ከ50።»

«22 ከ50 የአንደኛው ሽልማት ነው። አንተ ገና ሁለት ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጧል። ምን ብለው ነው ቀድመው የሚሰጡህ?»

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት እንዲህ አስቤው አላውቅም። እኔ ቺፕ ገንዘብ ነው ብዬ ነበር። ጋሼ ወረቀቱ ላይ ግማሽ፣ ሩብ፣ ሲሶ እያሉ አባዙ፣ ደመሩ። በመጨረሻ ከሥሩ አሰመሩበት። 17 ዶላር ከ25።

«11 ከ25 አስይዘህ 6 ዶላር ልትጨምር ነው። ከመቶው 65 ጊዜ ካላሸነፍክ ኪሳራ ነው። ሰውየው ሁለት ሁለት እንኳ ይዞ ቢሆን ኤስና ኪንግህ ሃምሳ አይሞላም። ማነው ግባ ያለህ?»

ስም አልጠራሁም። አሁንም አልጠራም። የቀን ሽፍት የሚሠራ አንድ ሰው ነው።

«መኒሜከር እኮ በ86 ዶላር…» አልኩ እንደ ምንም።

«ስንት ሰው ነበር ውድድሩ ላይ?»

ያን ፕሮፌሰሩ ነግሮኛል። «839።»

«838ቱስ የት ገቡ?»

ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ገለበጡት። ለካ የማስጠንቀቂያ ቅጽ ነው። ስሜና ቀኑ ቀድሞ ተሞልቷል። «በሥራ ሰዓት ስልክ መጠቀም» ይላል። እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«ፈርም።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ሲያስተምሩኝ…»

«ያ ለፖከሩ ነው። ይህ ለስልኩ ነው።»

ፈረምኩ። ሒሳቡ ያለበትን ጀርባ ፎቶ ላነሳ ስልኬን ላወጣ ስል አዩኝ። መልሼ ከተትኩት።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደህና ነበር። ግን ያልነገርኳቸው ነገር አለ። መተግበሪያው ያለፈውን ጨዋታ እየመለሰ ያሳያል። ቅዳሜ ሌሊት ከፍቼ አየሁት። የገፋው ሰው የያዘው ስምንት ስምንት ነው። ተከትሎት የገባው ኤስና አሥር ነው። ለሁሉም የጋራ ሆነው ጠረጴዛው ላይ የወጡት ኤስ፣ ስድስት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሁለት። ገብቼ ቢሆን ኤሴ ጥንድ ሆኖ፣ ኪንጌም ከአሥሩ በልጦ፣ ሁለቱንም ጠርጌያቸው ነበር። ባለ አሥሩ እኔ ከገባሁ በኋላ ይገባ ነበር ወይ የሚለውን ተዉት፤ ቢገባም ባይገባም ኤሱ የእኔ ነበር።

የጋሼ ሒሳብ ትክክል ነው። እምላለሁ። ግን ማታ ስተኛ የሚታየኝ ያ ኤስ ነው።

ጥፋቴ ይህን ለፕሮፌሰሩ መናገሬ ነው። እሱ ስለ 65ቱ ከመቶ ምንም አልሰማም። የያዘው «ኤስና ኪንግ ይዞ ደንበኛ ፈርቶ ጣለ» የሚለውን ነው። ክርስትና ቤት ውስጥ ሲያወራው ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። አንዷ እናት «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። እሱ አሁን ባለሦስት ሰዎቹን ውድድር ነው የሚጫወተው። አምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። የጎደለውን የጉርሻ ሣጥን በመጨረሻ ማን እንደሞላው፣ ማን ደግሞ «እስከ ዓርብ» እንዳለ እዚህ አላነሳም።

በሳምንቱ ባለመኪናው መጣ። ጋሼም እኔም ቡዙ ጋ ነበርን። ቲኬቱን አገኘው። ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ተሰክቶ ነበር አለ። ልክ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይላል። ጋሼ ቲኬቱን ገልብጠው አዩት፣ የሚገባውን ሒሳብ ቀንሰው ቀሪውን መለሱለት። ሰውየው እኔን በክፉ ዓይን አይቶኝ ወጣ።

ጋሼ ማገጃው እስኪወርድ ጠበቁ።

«ምነው፣ ከዘጠኙ ዶላር ድርሻውን አትሰጠውም እንዴ? እሱ አይደል ያተረፈህ?»

«እንዲያውም እሱ ነው ዕዳ ያለበት» አልኩ፣ ለራሴ ነበር ያልኩት።

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። ትንሽ ቆዩ።

«ኤስ ወጥቶ ነበር አይደል?» አሉኝ።